ዛግራና ያየውን የሚያደርገው ግዙፍ

በሰንደራ መንግሥት ፀሐይ በቀትር በጠቆረችበት ዕለት፣ ከተራሮቹ ማዶ የሚኖረው ግዙፉ ጎርዳም ወርዶ የዝናቡን ነጋሪት ወሰደ። ነጋሪቱ ካልተጎሰመ ደመና አይሰበሰብምና እርሻው ሁሉ ተሰነጣጠቀ። ሦስት ጊዜ ጦር ዘመተበት። በመጀመሪያው ጎርዳም ባዶ እጁን ነበር፤ በሁለተኛው ጦር መወርወር ጀመረ፤ በሦስተኛው እንደ ሰንደራ ወታደሮች እየፎከረ ጠበቃቸው።

ያን ጊዜ የንጉሥ አልመዳር የበኵር ልጅ ዛግራ የወራሽነት ሰይፏን ታጥቃ ተነሣች። «ነጋሪቱን ሳልይዝ ብመለስ የሰንደራ ምድር አትቀበለኝ!» ብላ ማለች። ደፍሮ የተከተላት ሽማግሌው የጦር አለቃ ወርደም ብቻ ነበር።

በዘጠነኛው ቀን ጎርዳም ከሚኖርበት ገደል አፋፍ ደረሱ። ግዙፉ ከማዶ ቆሞ ጦሩን ሰበቀ። ወርደም ጨንቆት ጢሙን አከከ። ጎርዳምም ጢም የሌለው አገጩን አከከ። ወርደም አስነጠሰው። ጎርዳምም አስነጠሰ፤ የዛፉ ቅጠል ሁሉ ረገፈ!

ዛግራ ሳቋ አመለጣት። «አለቃ ሆይ፣ ይህ ፍጡር ክፉ አይደለም። ነጋሪቱንም የወሰደው ስንጎስም አይቶ ነው። መዋጋትን ያስተማርነው እኛው ነን!»

«እንግዲያስ ምን እናስተምረው፣ እመቤቴ?»

«ትጥቅ መፍታትን።»

ወርደም ደነገጠ። «ሕጉን ረሱት? ሰይፉን ያጣ ወራሽ ዙፋን ላይ አይቀመጥም!»

«አልረሳሁም» አለች። ሰይፉን ሳመችው፤ ወደ ገደሉም ወረወረችው። ጎርዳም ትክ ብሎ አያት። ከዚያ ጦሮቹን አንድ በአንድ ወደ ገደሉ ለቀቃቸው። ዛግራ የአንገቷን ድሪ አውልቃ በሁለት እጇ ለወርደም ሰጠች፤ ወርደምም እጅ ነሥቶ ተቀበለ። ግዙፉ ገደሉን በአንድ እርምጃ ተሻገረና ነጋሪቱን በሁለት እጁ አቀረበላት።

ሰንደራ ዝናብ ጠገበች። ንጉሡ አለቀሰ፤ ሕግ ግን ሕግ ነውና ዘውዱን ለዛግራ ታናሽ እኅት ለሲሊማ ደፋላት። መኳንንቱ አጉረመረሙ፤ «ለድል አድራጊዋ እንጂ ለሌላ አንሰግድም!» አሉ።

ዛግራ ልቧ እርር ቢልም ከሕዝቡ መካከል ወጣች፤ እኅቷን በፍቅር አየቻትና ተንበረከከች። ተከትሏት የመጣው ጎርዳምም ከኋላዋ ዘፍ ብሎ ተንበረከከ፤ አደባባዩ ተንቀጠቀጠ። መኳንንቱ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ አንዱ ጎንበስ አለ፤ ሌላውም ተከተለ፤ ብዙም ሳይቆይ በሰንደራ አደባባይ ቆሞ የቀረ ሰው አልነበረም።