ባለ ሁለት ሻኛዋ ግመል

«ይቺ ደግሞ የየት አገር ግመል ናት?»

አደር ዐብዲፈታሕ ከገጠሩ ከቢዮ አዋሌ ያመጣውን የግመል ወተት ጄሪካን እንኳ ሳያስቀምጥ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። ጠረጴዛው ላይ ኢፍቲን በኪሮሽ የሠራቻት ቡናማ ግመል ተገትራለች። አጫጭር እግሮች፣ ከቁልፍ የተሠሩ ጥቁር ዓይኖች፣ ጀርባዋ ላይ ደግሞ ሁለት ሻኛ።

«የኔ ናት» አለች ኢፍቲን በኩራት። ሦስት ሳምንት ፈጅታባታለች።

«ሁለት ሻኛ?»

ጄሪካኑን አስቀመጠና ሳቀ። እንዲያው ለይሉኝታ የሚሳቅ ሳቅ አይደለም፤ ሽርጡ እንዳይወድቅ በአንድ እጁ ይዞ ነው የሳቀው። አደር ማለት በእነ ኢፍቲን ቤት የአባት ወንድም ማለት ነው። ስልሳ ዓመት ሞልቶታል፤ ግን ድሬ ላይ አንቱታ ብርቅ ነውና ለእሷ «አንተ» ነው። ዕድሜውን ሙሉ ግመል ሲያረባ ኖሯል። በዚህ ሁሉ ዘመን መንገድ ላይ ሁለተኛ ሻኛ ያበቀለች ግመል እንዳልገጠመችው ሶማልኛውን ከአማርኛው እየቀላቀለ ነገራት።

ኢፍቲን ግመሏን ደግማ አየቻት፤ ፊቷ ጋለ። ጉድ ነው! ግመል እኮ ታውቃለች። እንጨት ተጭነው ወደ ከተማ ሲገቡ እያየች ነው ያደገችው። አምስት ዓመቷ ላይ አደር አንዷ ጀርባ ላይ አስቀምጧት እሪ ብላለች። ታዲያ ሦስት ሳምንት ሙሉ ስልክ ላይ ያገኘችውን ንድፍ ስትከተል፣ ስድስት ቋጠሮ ሲላት ስድስት፣ ዐሥራ ሁለት ሲላት ዐሥራ ሁለት ስትቆጥር፣ ሻኛው ሁለት መሆኑ አንድም ቀን አልከነከናትም። ከገዛ ዓይኗ ይልቅ ስልኩን አምናለች። አፈረች።

ነገሩ ሌላ ጊዜ ቢሆን ተስቆበት ያልፍ ነበር። ግን ዕለቱ ማክሰኞ ነው፤ ቅዳሜ የትምህርት ቤቱ የእጅ ሥራ ክበብ ለከተማው የተማሪዎች ኤግዚቢሽን የሚልከውን አንድ ሥራ ይመርጣል። ኢፍቲን ስምንተኛ ክፍል ናት፤ ሰኔ ላይ ሚኒስትሪ አለባት። እናቷ ኑርቶም ቁርጡን ነግራታለች። ሥራዋ ከተመረጠ ቅዳሜ ቅዳሜ መሥራት ትችላለች፤ ካልተመረጠ ክሩም መርፌውም እስከ ፈተናው ቁምሳጥን ገብቶ ይቆለፍበታል። ኑርቶ ደግሞ ካለች አለች ነው። ኢፍቲን በትምህርቷ መካከለኛ ናት፤ በሩጫም በመዝሙርም እንደዚያው። ኪሮሽ ስትይዝ ግን እጇ የሚያደርገውን ያውቃል፤ ያን ስሜት ለወራት ማጣት አስፈራት።

በማግስቱ ክፍል ውስጥ ለእፀገነት ነገረቻት። እፀገነት አብራት የምትቀመጥ ጓደኛዋ ናት፤ እንግሊዝኛ ስለምትችል የንድፉን ጽሑፍ ስታነብላት የከረመችው እሷ ናት።

«አቦ አታካብጂ» አለች እፀገነት። «ሞንጎሊያ ውስጥ ሁለት ሻኛ ያላቸው አሉ። ጎግል አድርጊ።»

«እዚህ ግን የሉም።»

«የሚመርጠው ቲቸር ኒቆዲሞስ ደግሞ የሥዕል መምህር ነው እንጂ የግመል እረኛ አይደለም። ሥራዋ ፏ ያለ ነው። ባትነካኪያት ይሻልሻል።»

ልክ ብላለች። ግመሏ ንጹሕ ሥራ ናት፤ አንድ ቋጠሮ እንኳ አልዘለለችም። ኢፍቲን ቀኑን ሙሉ ለራሷ ይህንኑ ስትነግር ዋለች። ከትምህርት ቤት ተመልሳ ጠረጴዛው ላይ ስታያት ግን ሁለተኛው ሻኛ እንደ ጉብታ ዓይኗ ላይ ተደቀነ። ያላየችውን ነገር ነበር የሠራችው። ያንን ካወቀች በኋላ እንዳላወቀች መሆን አልቻለችም።

ሻኛዎቹ ለብቻቸው ተሠርተው የተሰፉ ቢሆኑ አንዱን መንቀል ይበቃ ነበር። ግን ከጀርባዋ ጋር አንድ ላይ ነው የተሠሩት። ኢፍቲን መቀሱን አነሣች፣ መልሳ አስቀመጠች፣ እንደገና አነሣች። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና የመጨረሻዋን ቋጠሮ በጠሰችና ክሩን ሳበችው። የሦስት ሳምንት ሥራ በሩብ ሰዓት ተተረተረ። ክሩ እንደ ኢንዶሚ ተጨባብጦ ጭኗ ላይ ተከመረ። ሌላ እንዳትገዛ ታይዋን ገበያ የነበረው የዚህ ቀለም ክር አልቋል። እሪ ልትል ምንም አልቀራትም።

ችግሩ ገና መጀመሩ ነበር። ባለ አንድ ሻኛ ግመል እግሯም አንገቷም ረጅም ነው፤ ንድፉ ግን ለአጭርና ለወፍራም የተሠራ ነው። ስለዚህ በሒሳብ ደብተሯ ጀርባ የራሷን ቁጥር ጻፈች። ሻኛው መሃል ላይ እንዲያርፍ ዙሮቹን አሸጋሸገች፣ አንገቱ ላይ ዘጠኝ ዙር ጨመረች። አሁን ንድፍ የሚያነብላት ሳትጠብቅ፣ ሌሊቱንም ጭምር ሠርታ፣ ሐሙስ ከሰዓት አቆመቻት። ግመሏ በአፍንጫዋ ተደፋች። ከኋላ ተጨማሪ ጨርቅ ጠቀጠቀችባት፤ አሁን ደግሞ በጭራዋ ቁጢጥ አለች። ሥራውን ልታይ የመጣችው እፀገነት ልትስቅ ብላ የጓደኛዋን ፊት ስታይ ተወችው።

አደር ዐብዲፈታሕ ለጥርሱ ሕክምና ስለመጣ እስከ ቅዳሜ እነሱ ጋ ነው። ጉንጩን ይዞ ሲያያት ቆየ።

«ለምንድን ነው የምታቆሚያት?» አለ።

«ካልቆመች ምን ትሁን?»

«ጭነት የሚጫነው ተንበርክካ አይደል? ሲነሡ የኔዎቹም ይንገዳገዳሉ። ስትንበረከክ ግን ነፋስም አይነቀንቃት።»

በቃል ማስረዳት አልበቃውም። ምንጣፉ ላይ በእጁና በጉልበቱ ወረደ። መጀመሪያ የፊት እግሮች ይታጠፋሉ ብሎ ክንዱን አጠፈ፣ ቀጥሎ የኋላዎቹ፣ ከዚያ ደረቷ መሬት ይነካል ብሎ በደረቱ ተኛ። ኑርቶ ሻይ ይዛ ስትገባ የባሏ ታላቅ ወንድም ወለሉ ላይ ግመል ሆኖ አገኘችውና ትሪውን እንደያዘች ቀረች። ኢፍቲን ግን አልሳቀችም። ክርኑ የት እንደሚታጠፍ በጣቷ ለክታ እየጻፈች ነበር።

እግሮቹንም ተረተረቻቸው። ዓርብ ዕለት የግመሏ ጉልበት ጋ ስትደርስ በአንድ በኩል ብቻ ቋጠሮ መቀነስ ጀመረች። ያን ጊዜ እግሩ ያለ ሽቦ በራሱ ታጠፈ! ይህን ያስተማራት ስልክ የለም። ሁለተኛውንም ሠራች፤ እሱም ታጠፈ። ተጨባብጦ ያሳዘናት ክር ደግሞ ሲሠራ ሸካራ ሆኖ ቁጭ የግመል ጸጉር መሰለ። ምሳዋን የበላችው ኑርቶ ሦስት ጊዜ ተጣርታ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት አዳራሹ ውስጥ ሥራዎቹ በረጅም ጠረጴዛ ላይ ተደርድረው ነበር። ቲቸር ኒቆዲሞስ ከስልክ የተገለበጠ ሥራ እንደማይመረጥ ገና አዳራሹ ሲከፈት ተናግሯል፤ አምና ሦስት ልጆች አንድ ዓይነት ድብ አምጥተው ነበር። ኢፍቲን ግመሏ ሥር የተቀመጠውን ካርድ ያየችው እሱ አንሥቶ ሲያነበው ነው። በእፀገነት ጽሕፈት «ንድፍ፦ ሙሉ በሙሉ የራሷ ፈጠራ» ይላል።

«ሙሉ በሙሉ?» አለ ቲቸር ኒቆዲሞስ።

እፀገነት በክርኗ ጎሰመቻት። ዝም በይ ማለቷ ነው። ዝም ማለት ደግሞ ቀላል ነበር፤ እነዚያን ሁለት ሻኛዎች ማን አይቷል? ኢፍቲን ቁምሳጥኑን አሰበች፤ ቁልፉን አሰበች። ግን ግመል ሰርቆ አጎንብሶ እንዴት ይሆናል?

«አይደለም» አለች። ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ። «አጀማመሯን ከስልክ ነው ያገኘሁት። ሁለት ሻኛ ነበራት። ተረተርኳትና ለድሬ እንድትሆን አድርጌ ቀየርኳት። መንበርከኩን ያሳየኝ አጎቴ ነው።»

አዳራሹ ውስጥ አንድ ሁለት ልጅ ሳቀ። እፀገነት መሬት መሬት አየች። ቲቸር ኒቆዲሞስ ካርዱን አስቀመጠና ምኑን እንደቀየረች ጠየቃት። ኢፍቲን የሒሳብ ደብተሯን ከጀርባው ገለጠች። የተሰረዙ ቁጥሮች፣ የተጨመሩ ዙሮች፣ የታጠፈ እግር ሥዕል፣ ጥጉ ላይ ደግሞ የሻይ ጠብታ። ዘጠኙ ዙር ለምን አንገት ላይ እንደገባ፣ ጉልበቱ እንዴት እንደታጠፈ ስታስረዳ ድምፅዋ መንቀጥቀጡን ተወ። እሱ ገጽ በገጽ አየው። ከዚያ ግመሏን በጣቱ ገፋ አደረጋት። አልነቃነቅ አለች። ጠንከር አድርጎ ገፋት፤ ንቅንቅ የለም።

«መገልበጥማ ይህን አይመስልም» አለ፤ ካርዱን ገልብጦም ጀርባው ላይ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «ከተገኘ ንድፍ ተነሥታ ለአገሯ ግመል ያሻሻለችው ኢፍቲን።» ካርዱን መልሶ ግመሏ ሥር አቆመው። «ወደ ኤግዚቢሽኑ የምትሄደው ይቺ ናት።»

ጭብጨባው ሲጀምር ኢፍቲን ለማን እንደሚጨበጨብ ለአፍታ ዞር ብላ አየች። ለእሷ ነው! እፀገነት ይቅርታ ልትል አፏን ስትከፍት ኢፍቲን አንገቷን አቅፋ አስቀረቻት፤ እስከ ኤግዚቢሽኑ ቀን ቤት የምትቆየውን ግመል ይዘው ሁለቱም እየሳቁ ባጃጅ ተሳፈሩ።

አደር ወደ ቢዮ አዋሌ ሊመለስ ዕቃውን እየሸከፈ ነበር። ኑርቶ ወሬውን ስትሰማ የልጇን ግንባር ሳመች፤ ወዲያውም «ቅዳሜ ብቻ» አለች። አደር ግመሏን ተቀብሎ ገበያ ላይ እንደሚገዛት ሰው ፈተሻት። ሻኛዋን ጫን ጫን አድርጎ ዘንድሮ ጥሩ ሣር አግኝታለች አለ። ከዚያ አንገቷን ግራና ቀኝ አገላበጠ።

«ምልክት የላትም» አለ።

ምልክት ምን እንደሆነ ኢፍቲን ታውቃለች። የአደር ግመሎች ሁሉ አንገታቸው ላይ በእሳት የተተኮሰ የቤተሰብ ምልክት አላቸው፤ የትም ቢጠፉ ያየ ሰው የማን ቤት እንደሆኑ ያውቃል። በእነሱ ቤት ልማድ ወንድ ልጅ የመጀመሪያ ግመሉን ሲያገኝ ከዚያ ምልክት ሥር የራሱን አንድ ጭረት ይጨምራል። የጅቡቲ መንገድ ሾፌር የሆነው አባቷ እንኳ ዛሬ ግመል ባይኖረውም ጭረት አለው።

«ያንቺ ጭረት ምን ዓይነት ይሁን?» ሲል ጠየቃት።

ኑርቶ ቀና አለች። «ለሴት ልጅ ይሰጣል እንዴ?»

«ግመል ላለው ነው የሚሰጠው» አለ አደር።

ኢፍቲን ቀይ ክር በመርፌ ሰክታ መስኮቱ ሥር ተቀመጠችና በመጀመሪያ የቤቱን ምልክት ግመሏ አንገት ላይ ሰፋች። ከሥሩ ወደ ቀኝ ያዘነበለች አንዲት አጭር ጭረት ጨመረች። እስካሁን ከእነሱ ቤት ማንም ጭረቱን እንደዚያ አዘንብሎ አያውቅም። ከእንግዲህ በእጇ የሚወጣ ሁሉ ይህቺን ጭረት እንደሚይዝ በልቧ ወሰነች። ክሩን ቋጥራ በጠሰችው፤ ኪሮሹን ራሷ ቁምሳጥኑ ውስጥ አስቀመጠችና ያንኑ የሒሳብ ደብተር ከፊት በኩል ገለጠችው።