አማቴ የሚዳብሱት ፊት

የሚያውቀኝ ያውቀኛል፣ ዛር ለከፈኝ፣ የሞተ ሰው ጠራኝ የሚል ሲገጥመኝ "ውሃ ጠጣና ተኛ" ብዬ የማልፍ ሴት ነኝ፣ እዚሁ እስራኤል፣ ቂርያት ጋት ከተማ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ስቆጣጠር ስንት ዓመቴ፣ ማሽን ሲበላሽ ምክንያት አለው፣ ትፈልገዋለህ፣ ታገኘዋለህ፣ አለቀ። አሁንም አመንኩ አላልኩም። የሆነውን ልንገርህ፣ ፍርዱ ያንተ።

ባሌ አዳነ ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው። እናቱ እማማ ወርቄ እኔ ጋ ነው የሚኖሩት፣ ስኳር ዓይናቸውን ከወሰደባቸው ቆይቷል፣ ታዲያ አንድ ቀን የአዳነን ፎቶ አቧራ ስጠርግ ሰሙኝና "ታዱ ልጄ፣ እኔ እኮ የምዳብሰው መስታወቱን ነው፣ ፊቱ እየጠፋብኝ ነው" አሉኝ። እንዲህ ስትባል ምን ትላለህ? ሞባይሌ ላይ ሴቶች በሽፓክቴል፣ ያው ባገር ቤቱ ስቱኮ፣ ጣውላ ላይ አበባና ቅጠል ከፍ ከፍ አድርገው ለግድግዳ ሲሠሩ አይቼ ነበርና፣ ፊትስ ለምን አይሠራም ብዬ ተነሳሁ።

ጣውላውን ኮላ ቀባሁት፣ ስቱኮውን ስስ አድርጌ ለሰንኩበት፣ ሲደርቅ በላዩ ሌላ፣ እንዲህ ከሥራ በተመለስኩ ቁጥር ግንባሩን፣ ጉንጩን፣ ያንን ጎራዳ አፍንጫውን በስፓቱላ እየቆለልኩ፣ ጸጉሩን በአሮጌ ሹካ እየጫርኩ ሳምንት ፈጀሁ፣ ከቸኮልክ ይሰነጠቃል፣ እመነኝ፣ ሁለት አፍንጫ ጥያለሁ። በሕይወቱ እያለ እንዲህ ታግሼው አላውቅም። ዓርብ ከንፈሩ ብቻ ቀረኝ፣ እማማ "ፀሐይ ገባች፣ ሰንበትን አትሻሪ" ይላሉ፣ እኔ "ጨረስኩ፣ ጨረስኩ" እላለሁ፣ እውነቱን ለመናገር ስፓቱላውን ያስቀመጥኩት ከመሸ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ስነካው እርጥብ ነው። ከንፈሩስ ይሁን፣ ከደረቀ ቀናት ያለፈው ግንባሩ ላይ ጣቴ ሰመጠ፣ ያውም በነሐሴ፣ ውጭው እየነደደ! የማዝጋኑ፣ ያው የአየር ማቀዝቀዣው ቅዝቃዜ ነው ብዬ አጠፋሁት፣ መስኮት ከፈትኩ፣ ምንም። እኩለ ቀን ላይ ኩሽና ሆኜ ከሳሎን ክርር… ክርር… የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ስቱኮ ሲፋቅ ያለው ድምፅ፣ እማማም ከሶፋቸው "ኧረ ልጄ፣ በሰንበት አትፋቂ!" አሉ።

"እኔ ኩሽና ነኝ እማማ" አልኩ። ስፓቱላው እፊቴ ዕቃ ማጠቢያው ውስጥ ተዘፍዝፏል።

ቅዳሜ ሲመሽ፣ ሰንበት ሲወጣ በጥፍሬ ብመታው ድንጋይ ሆኗል። እማማን እጃቸውን ይዤ አቀረብኳቸው፣ ዳበሱት፣ ዳበሱት፣ እያለቀሱ "ምነው ጢሙን አልተላጨም?" አሉኝ። ጢም አልሠራሁለትም ነበር። ብርሃን አስጠግቼ ሳየው አገጩ ሁሉ ተቆርጦ የበቀለ ጢም መስሎ ሻክሯል።

የአዳነ ታናሽ ወንድም ደሳለኝ ወሬውን ሰምቶ ከካርሜ ጋት፣ ከአዲሱ ሰፈር እየበረረ መጣ። "ዳይ፣ በቃ፣ እትዬ! የተቀረጸ ምስል፣ ያውም በሰንበት! ሰብረሽ ጣይው።"

"አንተ እናትህን የምታያቸው በወር አንዴ፣ እሳቸው ልጃቸውን በየቀኑ የሚያዩበትን ስበሪ ትለኛለህ? መጀመሪያ እኔን ስበር!" አልኩት። ሻዩን እንኳን ሳይጠጣ ወጣ።

ከዚያ ወዲህ ዓርብ ፀሐይ ስትገባ ይረጥባል፣ ሰንበት ሲወጣ ይደርቃል፣ ለምጄው ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ግን ከመኝታ ቤት ስወጣ እማማ ጆሯቸውን ከንፈሩ ላይ ለጥፈው "እሺ… እሺ ልጄ" እያሉ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

"ምን አለዎት?"

"ለእናቱ ነው የነገረው።"

ከመፍራት ይልቅ ተናደድኩ፣ እውነቴን ነው፣ ሚስቱ እኔ፣ የለሰንኩት እኔ! እጄን ከንፈሩ ላይ አድርጌ "ለእኔስ?" ብዬ ብጠይቀው ግጥም ብሎ ተዘግቷል።

ከእሑድ ጀምሮ እማማ ልብሳቸውን እያጠፉ ሻንጣ ውስጥ ይከታሉ። "ወዴት ሊሄዱ ነው?" ስላቸው "አንቺ ሥራሽን ሥሪ" ይሉኛል። ትናንት ሁሉንም አውጥቼ መልሼ ሰቀልኩት፣ ምንም ሳይቆጡ አንድ በአንድ አውርደው እንደገና ማጠፍ ጀመሩ። አንተም ስበሪው አትበለኝ፣ ከሰበርኩት ልጃቸው ሁለተኛ ይሞትባቸዋል።

ዛሬ ሐሙስ ነው። ነገ ፀሐይ ሳትገባ ወንበር ስቤ እፊቱ እቀመጣለሁ፣ ይርጠብ፣ ይናገር፣ የፈለገውን ይሁን። እማማን ግን አልሰጠውም።