ከቦይለሩ የቀረ ሥራ

«ይቺ ልጅ ሁለት ቀን አትቆይም። ቦይለሩ አንዴ ሲያጓራ ሻንጣዋን ይዛ ትፈረጥጣለች።»

ይህን ያሉት ጋሽ ወርቅአፈራሁ ናቸው፤ የፋብሪካው የቦይለር ክፍል ኃላፊ። ያሉት እዚያው ቴክኒሻን ለሆነው ልጃቸው ለልዑልቃል ነው፤ ያውም በካፋ ቋንቋ በካፊኖኖ፣ አጠገባቸው የቆመችው መሐንዲስ አትሰማም ብለው። ላፕቶፕ ያንጠለጠለች የአዲስ አበባ ሰው ካፊኖኖ ከየት ታመጣለች?

«ሻንጣዬ ከባድ ነው ጋሼ» አለች አብርሆት በዚያው በካፊኖኖ፤ «ይዤው መሮጥ አልችልም።»

ኧረ ጉድ! ሽማግሌው የሚገቡበት ጠፋቸው። ልዑልቃል ሳቁን ሊደብቅ ወደ ቧንቧው ዞረ፤ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። አብርሆት ያን ትከሻ በዚያች ቅጽበት ወደደችው ብል ማጋነን ይሆንብኛል። ልብ ብላዋለች ግን።

የላካት የአዲስ አበባ ኩባንያ ይሁን እንጂ አብርሆት የቦንጋ ልጅ ናት። ወላጆቿ ከሸዋ መጥተው ቦንጋ ገበያ የጨርቅ ሱቅ ከፍተው ነው ያሳደጓት፤ ካፊኖኖውን የለቀመችው ከገበያተኛው ነው። አሁን የመጣችው ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው ፋብሪካ ነው፤ ቀርከሃ ቀቅሎ ወረቀት የሚሆነውን ሊጥ የሚያወጣው። የቦይለሩን ያረጀ መቆጣጠሪያና የደህንነት መሣሪያ ነቅላ አዲስ ትተክላለች። ስድስት ሳምንት ተሰጥቷታል፤ ከዚያ የሚጠብቃት ሥራ ድሬዳዋ ነው።

እሷና ልዑልቃል መጀመሪያ የተጣሉት በፊርማ ነው። የኬብሉን ሥራ የሚመለከት ሁለት ገጽ ሰጠችው፤ ልዑልቃል ብዕሩን ከኪሱ መዘዘና ቆሞ ፈረመ።

«ሳታነብ ነው የምትፈርመው?»

«እርስዎ ካነበቡት ምን ቀረ ኢንጂነር?»

«ያንተ ዓይን ቀረ። ውሃው አንሶ እሳቱ ከቀጠለ ብረቱ ይግላል፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ቆሞ የሚያወራ ሰው አይተርፍም። በል አንብብ!»

ሁለቱን ገጽ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበላት። ሲጨርስ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ሳላነብ ብፈርም እጄን ያድርቀው» አለ።

«እጅህን ተወው፤ ለሥራ እፈልገዋለሁ። ደግሞ አንቺ በለኝ፤ ሳላረጅ አታስረጀኝ።»

ዋጫ በምትባል የካፋ ከተማ ተወልዶ በአባቱ እጅ ሥራ የተማረው ልዑልቃል ቦይለሩን የሚያውቀው በጆሮው ነው። የረጅም ካቻቢቴ ጫፍ ፓምፑ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ያደርግና ዓይኑን ይጨፍናል። እሷንም አስተማራት። አንድ ቀን እጀታው እሷ ጆሮ ላይ እያለ፣ «ምን ይላል?» ሲላት ቶሎ መመለስ አቃታት። ፓምፑ የሚለውን ሰምታ ነበር። የራሷ ልብ ጩኸት ግን በለጠ።

እሷ በፈንታዋ ስክሪኑን አስተማረችው። «የድሮው መሣሪያ ውሃ አነሰ የሚለው በአንድ ተንሳፋፊ ብረት ምስክርነት ነበር። አሁን ሦስት ሴንሰር አለ። ሁለቱ ከተስማሙ ነዳጁ ይዘጋል፣ እሳቱ ይጠፋል።»

«ሦስት ምስክር? ለሠርግም ይበቃል» አለ። ወዲያው በተናገረው አፍሮ አንገቱን ደፋ፤ እሷ ደግሞ ኪቦርዱ ላይ የሌለ አቧራ ጠረገች።

ማታ ማታ ቤት ስትገባ ወሬዋ ሁሉ ፋብሪካው ሆነ። እናቷ እትዬ ወሰንየለሽ አንድ ቀን አላስቻላቸውም።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄ ቦይለር ጢም አለው እንዴ? ስለሱ ስታወሪ ፊትሽ ይበራል።»

የድሮውን ፓነል ሲነቅሉ ግን አንድ ነገር ተገኘ። ውሃ ሲያንስ እሳቱን የሚያጠፋው መስመር ላይ የተጠመዘዘ የመዳብ ሽቦ። በዚያ ሽቦ ምክንያት ውሃው ቢያልቅም እሳቱ አይጠፋም።

«የአባቴ ነው» አለ ልዑልቃል ሳይደብቅ። «ተንሳፋፊው ተበላሽቶ ውሃው በተናወጠ ቁጥር እሳቱን ያጠፋ ነበር። እሳቱ ሲጠፋ ቀርከሃው ሳይበስል ይበላሻል። ይጠገን ብሎ ሦስት ጊዜ ደብዳቤ ጻፈ፤ የሰማው የለም። ከዚያ በሽቦ አለፈው፤ የውሃውን ከፍታ ከሚያሳየው መስታወት ሥር ቆሞም ውሃውን በዓይኑ ሲጠብቅ ኖረ። አሥራ ስምንት ዓመት።»

አብርሆት ሽቦውን ኪሷ ከተተች። «በአዲሱ ላይ እንዲህ ያለ ሽቦ ካገኘሁ የሠራውን ሰው ስም ሪፖርቱ ላይ እጽፋለሁ። ማንም ይሁን።»

«እኔ ብሆንስ?»

«አንተ ከሆንክማ በትልቁ ነው የምጽፈው።»

ስድስተኛው ሳምንት መጣ፤ የፈተናው ቀን። አንዳንዱ መሐንዲስ በስክሪን ብቻ ሞክሮ ይፈርማል። አብርሆት አሻፈረኝ አለች። እሳቱ እየነደደ ውሃው በእውነት ይወርዳል፤ መሣሪያው ራሱ እሳቱን ያጥፋ።

«ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ» አለች። ልዑልቃል ሰምቶ ፈገግ አለ።

እሷ ስክሪኑ ፊት፣ እሱ ከቦይለሩ ሥር፣ የውሃውን መስታወት እያየ። የሚነጋገሩት በሬዲዮ ነው።

«ወረደ… ወረደ… ምልክቱ ላይ ደረሰ።»

ስክሪኑ ቀላ። ሦስቱም ምስክሮች ተስማሙ፤ እሳት የማጥፋቱ ትእዛዝ ወጣ።

«አብርሆት፣ እሳቱ አልጠፋም!»

«በእጅህ ዝጋው! ዝጋና ውጣ!»

የነዳጁን ቫልቭ ዘጋ፤ እሳቱ ተንተፋተፈና ጠፋ። አልወጣም ግን፤ መስታወቱን እያየ እዚያው ቆመ። እሷም ደረጃውን እንዴት እንደወረደችው አታውቅም። ስትደርስ ሁለት እጁን ይዛ አገላብጣ አየችው፤ የተቃጠለ ነገር እንዳለ። ምንም አልሆነም። እጆቹን ግን ቶሎ አልለቀቀችም።

ፓነሉን ከፈቱት። ከመጨረሻው ማብሪያ ማጥፊያ ጀርባ የተጠመዘዘ የመዳብ ሽቦ ተቀምጧል፤ ልክ እንደ ድሮው ሽቦ ጫፉ ሁለቴ የታጠፈ፣ ወደ ግራ የተጠመዘዘ።

የፓነሉን ቁልፍ የያዙ አምስት ሰዎች ነበሩ። ልዑልቃል ዝም ቢል ማንም አያውቅም። አባቱ ለጡረታ የቀራቸው ሁለት ወር ነው።

«የአባቴ እጅ ነው» አለ።

አብርሆት ሪፖርቱን ገለጠች። እለፊው ብሎ ቢለምናት ምን ትለው ነበር? እኔ አላውቅም፤ እሷም አታውቅም።

«ጻፊው» አላት። «እንዳልሽው። በትልቁ።»

ጋሽ ወርቅአፈራሁ ሲጠሩ ፈገግ እያሉ መጡ። «እኔ ነኝ፤ ጠዋት ነው ያሰርኩት። ዛሬ ፈተና ነው ሲባል ሰማሁ። እሳቱ እንዳይጠፋባችሁ፣ ሰው ፊት እንዳታፍሩ ብዬ ነው።»

«ጋሼ፣ የዛሬው ፈተና እኮ የሚታለፈው እሳቱ ሲጠፋ ነው።»

ሽማግሌው ወደ መስታወቱ ተመለከቱ። «ከሥሩ የቆመው ማን ነበር?»

«እኔ ነኝ አባዬ።»

ፈገግታው ጠፋ። መሣሪያ ሳጥኑ ላይ ቁጭ አሉ።

አብርሆት ጻፈችው፤ ስማቸውን ሳትዘል። ሦስቱን ደብዳቤዎችም ፋይል ቤት አስፈልጋ ከሪፖርቱ ጋር አያያዘች። የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ወይዘሮ ላቀች አንብበው ለሽማግሌው ማስጠንቀቂያ ሰጡ፤ ደብዳቤው ያላስነሳቸውን አለቆችም ስም ጠየቁ።

ከዚያ ሦስት ቀን አባትም ልጅም ከሥራ ውጭ አላነጋገሯትም። ትክክል እንደሠራች ታውቃለች፤ ግን የሰው አባት ስም ጽፎ ከዚያ ልጁን መመኘት ምን የሚሉት ድፍረት ነው?

«ቦይለሩ ጢሙን ተላጨ እንዴ?» አሉ እትዬ ወሰንየለሽ። ቀስ ብለውም ጀርባዋን ዳበሷት።

በአራተኛው ቀን ፈተናው ተደገመ። ጋሽ ወርቅአፈራሁ ቀድመው መጥተው ነበር። «ዛሬ ከመስታወቱ ሥር የምቆመው እኔ ነኝ» አሉ። «ልዑልቃል ቫልቩን ይያዝ። እኔ ምንም አልነካም።» ሁለት እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው ቆሙ።

ውሃው ወረደ። አብርሆት የምታየው ስክሪኑን ሳይሆን፣ በመስኮቱ ቁልቁል እነዚያን የተጣመሩ እጆች ነበር። ጣቶቹ ነጡ፤ አልተላቀቁም ግን። ምልክቱ ላይ ሲደርስ ነዳጁ ራሱ ተዘጋ፣ እሳቱ ድርግም አለ።

«ጠፋ!» ብለው ጮኹ ሽማግሌው። «አሥራ ስምንት ዓመት እሳቱ አይጥፋ ብዬ ስጸልይ ኖርኩ፤ ዛሬ መጥፋቱ እንዲህ ደስ ይበለኝ?»

ከሰዓት በኋላ ልዑልቃል የርክክቡን ወረቀት ይዞላት መጣ። የአባትና የልጅ ፊርማ ሰፍሮበታል። የመጨረሻው ገጽ ላይ «የቀረ ሥራ» የሚል ሰንጠረዥ አለ፤ እሷ ባዶውን ነበር የሰጠቻቸው። አሁን በጋሽ ወርቅአፈራሁ ትልልቅ ፊደል ተጽፎበታል።

«ተራ ቁጥር 1። እትዬ ወሰንየለሽ ቤት ሽማግሌ መላክ። ኃላፊ፦ ወርቅአፈራሁ። የሚጠናቀቅበት ቀን፦»

ቀኑ አልተሞላም።

አብርሆት ሁለቴ አነበበችው። ፊቷ ጋለ። «ይሄን አንብበህ ነው የፈረምከው?»

«ሳላነብ አልፈርምም ብዬ ምያለሁ።»

«ሦስት ቀን ሙሉ ለምን ዘጋኸኝ ታዲያ?»

«አባቴን ቁጭ አድርጌ ሳስረዳው ነበር። ከእሱ ጋር ሳልታረቅ አንቺ ፊት መቆም አልቻልኩም። በመጨረሻ ምን አለኝ መሰለሽ? የእኔን ስም ለመጻፍ ያልፈራች ልጅ ቤትህን አታፈርስም፤ ካመለጠችህ ግን ልጄ አይደለህም።»

«ይሄ የአባትህ ቃል ነው። ያንተስ?»

ካቻቢቴውን ከኪሱ አወጣ፤ መልሶ ከተተው፤ ምን እንደሚያደርግበት አላወቀም።

«እወድሻለሁ» አለ። «ሻንጣዬ ከባድ ነው ካልሽበት ቀን ጀምሮ።»

«ድሬዳዋስ?»

«ድሬዳዋም ቦይለር አለ። ቦይለር ካለ ደግሞ የሚያዳምጠው ሰው ይፈለጋል።» ብዕሩን አቀበላት። «ቀኑ ካልተጻፈ ግን አላምንም፤ ካልታዘልኩ አላምንም ያልሽው አንቺ ነሽ።»

አብርሆት ሳቀች። ወረቀቱን ገና ባልቀዘቀዘው የፓነሉ ክዳን ላይ አስደግፋ በባዶው ቦታ የፊታችንን እሑድ ጻፈች፤ ከሥሩም ፈረመች።