የኮምባይነሩ ተራ

ስልኩ የጠራው ማሂ ጭፈራውን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትሳሳት ዞራ ልትጨርስ ስትል ነው። ዘፈኑ ቀጥ አለ፤ ቀረጻውም ተቋረጠ። ማሂ እጆቿን እንደዘረጋች ቆማ ቀረች።

«አቦ፣ ማነው ደግሞ አሁን?»

ዙሀይራ ስልኩን ካስደገፈችበት የብሎኬት ክምር ላይ አነሳችው። «ወዚር ኮምባይነር» ይላል። ቁጥሩን የመዘገበችው እንዲያ ብላ ነው።

«ደላላ ነው» አለች። «የአባ ጉዳይ ነው፤ ላንሳው።»

«በኋላ ትደውይለታለሽ ባክሽ። ፀሐይዋ ከሄደች ዛሬም አለቀልን።»

ማሂ እውነቷን ነው። ከእነማሂ ቤት ጀርባ ያለው ጅምር ግንብ ላይ ብርሃኑ የሚያምረው ለትንሽ ጊዜ ነው፤ ከዚያ የሮቤ ንፋስ ተነስቶ አቧራውን ፊታቸው ላይ ያመጣዋል። ሌሊቱን መብራት ጠፍቶ ስላደረ የማሂ ስልክ ቻርጅ የለውም። የሚቀርጹት በዙሀይራ ስልክ ነው። የሌላኛው ክፍል ልጆች ደግሞ ጭፈራቸውን ትናንት ለቀው ትምህርት ቤቱ ሁሉ ስለ እነሱ ሲያወራ ውሏል።

ዙሀይራ ጥሪውን ዘጋችው። ቀረጻውን እንደገና ሲጀምሩ እንደገና ጠራ። ያው ወዚር ነው። ይህንንም ዘጋችው።

«ፍላይት ሞድ አድርጊውና እንገላገል» አለች ማሂ።

ዙሀይራ ትንሽ አመነታች። ከዚያ አደረገችው።

የዙሀይራ ወላጆች የሚኖሩት በገሰራ በኩል ገጠር ውስጥ ነው። እሷ ዘጠነኛ ክፍል ለመማር ሮቤ መጥታ የአባቷ እህት አዳዳ ሰይዳ ቤት ተቀምጣለች። የአባቷ የዋቆ ማሳ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ስለሆነ ኔትወርክ አይደርሰውም። አባቷ መደወል ሲፈልግ መስጊዱ ያለበት ጉብታ ላይ መውጣት አለበት፤ የሚወጣውም ማታ ማታ፣ መግሪብ ከሰገደ በኋላ ነው።

ድሮ ስንዴው ሲደርስ ዋቆ የሚያጭድለት ኮምባይነር ፍለጋ ሮቤ ድረስ እየመጣ ደላሎችን ደጅ ሲጠና ይሰነብት ነበር። እህቱ ቤት እያደረ ጠዋት ይወጣል፤ ማታ ባዶ እጁን ይመለሳል። ዘንድሮ ግን ነገሩ ቀለለ። ተራው ሲደርስ ወዚር ዙሀይራ ስልክ ላይ ይደውላል፤ እሷ «እሺ፣ ይምጣ» ትለዋለች። በቃ። ገበሬው ዝግጁ መሆኑን ካላረጋገጠ ግን ማሽኑን አይልክም፤ መልስ ካጣ ተራው ለሚቀጥለው ያልፋል።

«ከአንቺ ሌላ ምንም አይጠበቅም» ብሏት ነበር አባቷ። «ጆንያውም ሰዉም ተዘጋጅቷል። ‹ይምጣ› ማለት ብቻ ነው።»

ቪዲዮው አለቀ፤ ጥሩም ወጣ። ዘፈኑን ሲያስተካክሉ፣ ሲቆርጡ ሲቀጥሉ ቆዩና ዙሀይራ ወደ ቤት ተመለሰች። አዳዳ ሰይዳን ሱቅ ውስጥ አገዘቻት፤ ስኳር መዘነች፤ ሳሙና ደረደረች። ስልኩ ፍላይት ሞድ ላይ መሆኑን ያስታወሰችው ሊመሽ ሲል ቪዲዮውን ልትለቅ ስትሞክር ነው። ስታበራው መልእክቶቹ ተከታትለው ገቡ። ስልኳ በጠፋበት ሰዓት የደወለው ሰው ወዚር ነው። ደጋግሞ ደውሏል።

ቪዲዮውን ትታ ደወለችለት።

«ነጋ ነው ዙሀይራ፣ ሰላም ነሽ?» አላት። ድምፁ ላይ ቁጣ የለም። «ስደውል ዘጋሽብኝ። ደግሜ ስደውል ዘጋሽው። ከዚያ ስልኩ ጭራሽ ጠፋ። ሹፌሩ አልጠብቅም ብሎ ማሽኑን ወደ ጎሮ ይዞት ሄደ።»

«አሁን ቢመለስስ ኦቦ ወዚር?»

«አይመለስም ልጄ። እዚያም ብዙ ሰው ይጠብቀዋል። በሚቀጥለው ሳምንት ኢንሻአላህ አመጣዋለሁ። ለአባትሽ ንገሪው።»

ልትነግረው አስባ ነበር። አባቷ ሲደውል ግን ከጀርባው የጉብታው ንፋስ ሲያፏጭ ሰማች፤ ለዚህ ጥሪ ብሎ ያን ዳገት እንደወጣ ታወቃት።

«ወዚር ደወለ?» አላት ገና ሰላምታ ሳይጨርስ።

«አልደወለም» አለች ዙሀይራ። ቃሉ ከአፏ የወጣው ሳታስበው ነው። «ዛሬ… ኔትወርክ አልነበረም አባ። ቀኑን ሙሉ አልጠራም። አሁን እኔ ስደውልለት ግን ማሽኑ ወደ ጎሮ ሄዷል አለኝ።»

አባቷ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ።

«ኔትወርክ ከሆነ አንቺ ምን ታደርጊያለሽ» አላት። «አይዞሽ። አትጨነቂ። እራትሽን ብይና አጥኚ።»

እራቷን አልበላችም።

በማግስቱ ለማሂ ስትነግራት ማሂ ትከሻዋን ሰበቀች። «በኔትወርክ ያልተሳበበ ነገር አለ እንዴ? ማን ያውቅብሻል? ይልቅ ማታ ልከሽልኝ የለቀቅኩትን ቪዲዮ ስንት ሰው እንዳየው ተመልከቺ» ብላ ስልኳን አሳየቻት። ትምህርት ቤት ውስጥ የማያውቋት ልጆች ሁሉ ዙሀይራን በዘፈኑ ስም ይጠሯት ጀመር። ሌላ ጊዜ ቢሆን ደስታዋን አትችለውም ነበር።

የዚያን ዕለት ማታ አባቷ የደወለው አዳዳ ሰይዳ ስልክ ላይ ነው። ዙሀይራ ከሱቁ ባንኮኒ ጀርባ ተቀምጣ የአክስቷን ድምፅ ብቻ ትሰማለች።

«የቱ ኔትወርክ? ትናንት? የኔ ሲሠራ ነው የዋለው። ከጎባ ዕቃ ሳዝዝ አልነበር እንዴ ቀኑን ሙሉ» አለች አዳዳ ሰይዳ። ቆም ብላ አዳመጠች። «እንግዲያው አልደወለም ማለት ነው። ለሌላ ሸጦት ይሆናላ። ደላላ አይደል?»

ከዚያ ወደ ዙሀይራ ዞራ «አልደወለም አይደል?» አለቻት።

ዙሀይራ አንገቷን ዝቅ አደረገች። አክስቷ ያንን እንደ «አዎ» ወሰደችው።

ዝናቡ የመጣው በማግስቱ፣ የጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ ላይ ነው። በአጨዳ ወቅት ማንም ያልጠበቀው ዝናብ ነበር። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ድምፃቸው ስላልተሰማ መምህሩ ማስተማሩን ትተው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ልጆቹ ደስ አላቸው፤ ማሂም ከጓደኛዋ ጋር ተንሾካሾከች። ዙሀይራ በመስኮቱ ግቢው ሲጨቀይ ታያለች። በረዶ ተቀላቅሎበታል። ኮምባይነሩ በሰዓቱ ቢመጣ ኖሮ ስንዴው አሁን ጆንያ ውስጥ፣ ቤት ውስጥ ነበር። ስለ ሌላ ነገር ለማሰብ ሞከረች፤ አልሆነላትም።

ቅዳሜ ጠዋት ሚኒባስ ተሳፍራ ወደ ወላጆቿ ሄደች። ከመንገዱ ወርዳ ወደ ማሳው ስትቃረብ ጭቃው ጫማዋን ይዞ አስቀረው። ባለፈው ስትመጣ ደረቷ ድረስ ቀጥ ብሎ ቆሞ የነበረው ስንዴ አብዛኛው መሬት ላይ ተኝቷል። አንዳንዱ ዛላ ጠቁሯል። እናቷ ከሥር አንዱን አንስታ አሸችውና አሳየቻት፤ ፍሬው መብቀል ጀምሯል።

ጎረቤቶች ለደቦ ወጥተው በማጭድ እያጨዱ ነበር። ወገባቸውን አጉብጠው፣ የተኛውን በአንድ እጅ እያነሱ ነው የሚያጭዱት። አባቷ ከሁሉም ፊት ነው። ሲያያት ቀና ብሎ ፈገግ አለ።

«ትምህርትሽን ትተሽ መጣሽ?»

«ቅዳሜ ነው እኮ አባ።»

«እውነትሽን ነው። ቀኑም ጠፍቶብኛል» አለና ላቡን በእጅጌው ጠረገ። «የሚተርፈው ይተርፋል፤ አልሃምዱሊላህ።»

ቢቆጣት ይሻላት ነበር። ነዶ እየሰበሰበች ወደ ደረቁ ቦታ መሸከም ጀመረች። የረጠበው ነዶ ከባድ ነው፤ ውሃው አንገቷ ላይ ይንጠባጠባል። አላረፈችም። እናቷ እንድታርፍ ሁለቴ ብትጠራትም ዙሀይራ «በኋላ» አለቻት።

ሰዉ ለምሳ ሊያርፍ ሲል አንድ ሰው ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ በጭቃው ውስጥ ሲመጣ ታየ። ሞተሩን መንገዱ ዳር ትቶ የመጣው ወዚር ነው። ዙሀይራ የያዘችው ነዶ ከእጇ ወደቀ።

«አሰላሙ ዓለይኩም» አለ ወዚር።

ሰዉ መለሰለት። ዋቆ ግን ማጨዱን አላቆመም።

«ዋቆ፣ መሬቱ ካልጠነከረ ኮምባይነሩ እዚህ አይገባም። ይሰምጣል። በስልክ ስለማትገኝ ልነግርህ መጣሁ።»

«መምጣት የነበረብህ ያኔ ነው» አለ ዋቆ። «አሁን ምን ያደርግልኛል?»

«ደውዬ ነበር እኮ።»

«ለማን?»

«ለልጅህ።»

ዋቆ ቀና አለ። «ልጄ አልደወለም ብላኛለች። ኔትወርክ እንደሆነ ሲሠራ ነው የዋለው፤ ሰይዳ ነግራኛለች። ተራዬን ለማን እንደሸጥከው አንተ ታውቃለህ።»

«ወላሂ አልሸጥኩም ዋቆ።»

«በአላህ ስም አትዋሽብኝ።»

ከአጫጆቹ አንዱ፣ ሽማግሌ ሰው፣ ማጭዱን መሬት ላይ አስቀመጠ። «እንዲህ ከሆነ እኛም ሌላ ሰው መፈለግ አለብን» አለ። ሌሎቹም አጉረመረሙ። እዚያ የቆመው ሁሉ በየዓመቱ ኮምባይነር የሚያገኘው በወዚር በኩል ነበር።

ወዚር ዙሪያውን አየና ዓይኑ ዙሀይራ ላይ አረፈ። አሁን ይናገራል አለች በልቧ። እጁ ስልኩ ወዳለበት ኪስ ገባ፤ እዚያው ቆየ፤ ባዶውን ወጣ።

«እንግዲህ እኔ ተሳስቼ ይሆናል» አለ ቀስ ብሎ። «በሉ ደኅና ዋሉ።»

ዞሮ በመጣበት ሄደ። ሰዉ ሸራ አንጥፎ ተቀመጠ፤ እናቷ ዳቦና እርጎ አቀረበች። ዙሀይራ ድርሻዋን ይዛ ትንሽ ቆመች። ከዚያ ዳቦውን መልሳ አስቀመጠችና ሮጠች።

የደረሰችበት ሞተሩን ሊያስነሳ ሲል ነው።

«ኦቦ ወዚር» አለች እያለከለከች። «ለምን አልነገሯቸውም?»

«ምኑን?»

«መዝጋቴን።»

ወዚር ጫማው ላይ ያለውን ጭቃ በእንጨት መፋቅ ጀመረ። «እኔም ሴት ልጅ አለችኝ» አለ። «በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አንቺንና አባትሽን ማጋጨት ደስ አላለኝም።»

«እነሱ ግን ሌላ ሰው እንፈልጋለን አሉ።»

«ይበሉ… ተናደው ነው። ዛሬ ይሄዳሉ፤ ከርሞ አንዳንዱ ይመለሳል» አለ። «አንዳንዱ» ሲል ድምፁ ቀነሰ። «ሂጂ አሁን፤ ምሳሽን ብይ። እኔ ምንም አልልም።»

እንዳለውም እንደማይናገር ታውቃለች። ማሂም አትናገርም። ነገሩ እዚህ መንገድ ዳር ሊያልቅ ይችላል። ወደ ማሳው ዞራ አየች፤ አባቷ ከሩቅ ጀርባው ይታያል፤ ሰዎቹ ከበውት ምናልባትም ስለ ወዚር ያወራሉ።

«ይመለሱ» አለች።

«ምን?»

«አብረን እንመለስ። ማታ ለአባ ብቻ ብነግረው እነሱ አይሰሙም። እርስዎን የሰደቡዎት እዚያ ሁሉም ባለበት ነው።»

ወዚር ለአፍታ አያት። ከዚያ የሞተሩን ቁልፍ ነቅሎ ኪሱ ከተተ።

በጭቃው ውስጥ እሷ ፊት ፊት ሄደች። ሰዉ ሲያያቸው ወሬው ቆመ። አባቷ ዳቦ እንደያዘ ተነሳ፤ ወዚርን አይቶ ፊቱ ጠቆረ።

«አባ» አለች ዙሀይራ። «ኦቦ ወዚር ደውለው ነበር። የዘጋሁት እኔ ነኝ። ደግመው ሲደውሉ ደግሜ ዘጋሁት፤ ከዚያ ስልኩን አጠፋሁት። ኔትወርክ ነበር። የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

እናቷ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ለምን ዘጋሽው?» አላት አባቷ። እየጮኸ አይደለም። ማወቅ ፈልጎ ነው የጠየቃት።

ከሁሉ የከበዳት ይህን መመለስ ነበር። ያንን ሁሉ የተኛ ስንዴ፣ የሰዎቹን የተላጠ እጅ እያየች ሌላ ምክንያት ቢኖራት ተመኘች።

«ከማሂ ጋር ቪዲዮ እየቀረጽን ነበር» አለች።

ከወጣቶቹ አጫጆች አንዱ ሊስቅ ሲል ሽማግሌው በዓይኑ ገሠጸው። ዋቆ እጁን ልብሱ ላይ ጠርጎ ወደ ወዚር ሄደና ጨበጠው። «አፉ በለኝ» አለው። «በሰው ፊት ስምህን አጠፋሁ። እዚሁ በሰው ፊት ይቅር በለኝ።»

«አፉ ብያለሁ» አለ ወዚር። «አንተም ለእሷ።»

ዋቆ ወደ ዙሀይራ አልዞረም። «ማታ እናወራለን» ብቻ አላት።

«እሺ አባ።»

ሰዉ ገና ምሳውን አልጨረሰም። ዙሀይራ ከተቀመጡት ማጭዶች አንዱን አነሳችና ስንዴው ክፉኛ ወደተኛበት ጥግ ብቻዋን ሄደች። ከጀርባዋ አባቷ «ለወዚር ቦታ ልቀቁለት፤ እርጎ ስጡት» ሲል ሰማች። ዞራ አላየችም። የረጠበውን ስንዴ በግራ እጇ ሰብስባ ከጭቃው አነሳችና ማጭዱን ከሥሩ አስገባች።