ቡድኑ እስኪያሸንፍ

በፀጉር ቤቱ ትልቅ መስታወት ጥግ ላይ በሳሙና የተጻፈ ዝርዝር አለ። የቀኝ ተከላካዩ ቁርጭምጭሚት፣ የአማካዩ ብሽሽት፣ የሁለቱ አጥቂዎች የታፋ ጡንቻ፣ የክንፍ ተጫዋቹ የእግር ጣት... ከላይ እስከ ታች ዘጠኝ ቁስለኛ ነው። ጸሐፊው የሒሳብ አስተማሪው ነው፤ ከጨዋታ በኋላ እየመጣ አዲስ መስመር ይጨምራል። አጥፍቶ ግን አያውቅም፤ የሚድን የለማ!

የፀጉር ቆራጩ ልጅ ያንን መስታወት ባየች ቁጥር እርር ድብን ትላለች። ደንበኛው ሁሉ እዚያ ላይ የሚያነበው የቡድኑን መከራ ነው። እሷ የምታነበው ግን የራሷን ሰርግ ነው።

ነገሩ የተበላሸው ከአሥራ አንድ ሳምንት በፊት ነው። እሷና የምትወደው ሰው ተያይዘው አባቷ ፊት ቀረቡ፤ መጋባት እንደሚፈልጉም ተናገሩ። የቀረቡበትን ቀን ግን በደንብ አልመረጡትም። ቡድኑ አራት ለባዶ በተሸነፈ ማግስት ነበር። ይባስ ብሎ የምትወደው ሰው የዚያው ቡድን ወጌሻ ነው። ተጫዋች ሲወድቅ ቦርሳውን አንግቦ እየሮጠ የሚገባው፣ በረዶ የሚይዘው፣ ፋሻ የሚጠመጥመው እሱ ነው።

«እነዚህን ሁሉ ቁስለኞች የምታክማቸው አንተ ነህ?» አሉት አባቷ ወደ መስታወቱ እያመለከቱ።

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ቡድኑ እስኪያሸንፍ ድረስ በዚህ ቤት ስለ ሰርግ አይነሳ!»

የተናደደ ሰው ንግግር ነበር፤ በማግስቱ ሊረሳ ይችል ነበር። ነገር ግን የሒሳብ አስተማሪውና ባለሥጋ ቤቱ እዚያው አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ይሰሙ ስለነበር ቃሉ ቃል ሆኖ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ቡድኑ ስድስት ጊዜ ተሸነፈ፣ አራት ጊዜ አቻ ወጣ። ልጅቷ ከጨዋታ ውጪ ማለት ምን እንደሆነ እንኳ ሳታውቅ ቅዳሜ ቅዳሜ ሬዲዮ ላይ ተለጥፋ መዋል ጀመረች።

አባቷ ቀላል ደጋፊ አይደሉም። ሠፈሩ «ጋሽ ቮሌ» ነው የሚላቸው። በወጣትነታቸው ለዚሁ ቡድን ሲጫወቱ እግራቸው ተጎድቶ ሳለ በአንድ እግራቸው ዘለው፣ ኳሷ መሬት ሳትነካ በቮሌ መትተው ባገቧት ጎል ዋንጫ ተበልቷል። ጓደኞቻቸው በትከሻቸው ተሸክመው ሲያወጧቸው የሚያሳየው ፎቶ ከመስታወቱ በላይ ተሰቅሏል። ልጃቸው ከሕፃንነቷ ጀምሮ አቧራውን ስትጠርግ ኖራለች። ጉልበታቸውን ደግሞ ማታ ማታ ሙቅ ውሃ ታደርግላቸዋለች። «ብርድ ነው» ይሏታል።

ከወጌሻው ጋር የተዋወቁት በመነጽር ነው። እሷ መነጽር ቤት ውስጥ ሌንስ እየቆረጠች ከፍሬም ጋር የምትገጥም ባለሙያ ናት። አንድ ቀን አንድ ረጅም ሰው ሁለት ቦታ የተሰበረ መነጽር በመሀረብ ጠቅልሎ መጣ።

«ምን አገኘው?»

«ክርን» አላት።

በሦስተኛው ሳምንት ተመልሶ መጣ። «አሁንስ?» አለችው። «ተረከዝ» አላት። ከወር በኋላ ደግሞ ያንኑ መነጽር ለሦስተኛ ጊዜ ይዞላት ሲመጣ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሚስትዎ ናቸው እንዴ የሚመቱዎት?»

«ሚስትስ የለኝም» አለ አንገቱን ደፍቶ እየሳቀ። «ተከላካይ ነው።»

ለአራተኛ ጊዜ ሲመጣ መነጽሩን ገለባብጣ አየችው። አንድ ጭረት እንኳ የለውም። «ይሄ እኮ ምንም አልሆነም» አለችው። «አውቃለሁ» አላት። መነጽሩን ለረጅም ጊዜ ስትወለውለው ቆየች።

አሁን ግን ጊዜ አልቋል። ወጌሻው ሌላ ከተማ ያለ ሆስፒታል ውስጥ ሥራ አግኝቶ በሁለት ሳምንት ውስጥ መግባት አለበት። እሷ ደግሞ እናቷ ካረፈች ወዲህ አባቷ ያለ እሷ ማንም የላቸውም፤ ምርቃታቸውን ሳትቀበል ትታቸው አትሄድም። ይህን እሷም ታውቃለች፣ ወጌሻውም ያውቃል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አባቷ ያውቃሉ። የቀረው አንድ ጨዋታ ነው፤ የዓመቱ የመጨረሻ።

ቅዳሜ ዕለት በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ስታዲየም ገባች። የመጣችው ልታይ አይደለም፤ ልትለምን ነው። አጥቂዎቹ በሙሉ ተጎድተው ስለተኙ ሁለተኛው በረኛ አጥቂ ሆኖ ተሰለፈ። ኳስ በመጣ ቁጥር በእጁ ሊይዛት ይቃጣዋል። ቢሆንም ልጆቹ ተንከባለሉ፣ ወደቁ፣ ተነሱ። አንድ ጎል ገባባቸው። በሰባኛው ደቂቃ ያው በረኛ፣ ኳሷ ትከሻው ላይ ነጥራ ይሁን እሱ አስቦበት እንጃ፣ አገባ። አንድ ለአንድ! ልጅቷ አጠገቧ የተቀመጡትን የማታውቃቸውን ሽማግሌ አቅፋ ሳመች።

በሰማንያኛው ደቂቃ አምበሉ፣ አስር ቁጥሩ፣ ጉልበቱን ይዞ ወደቀ። ወጌሻው ሮጦ ገባና ደግፎ አወጣው። ቅያሪ አልቋል። አምበሉ ትንሽ ቆይቶ ተነሳ፣ አነከሰ፣ «እገባለሁ» አለ። አሰልጣኙ «ይግባ!» ብሎ ጮኸ። ሕዝቡም «ይግባ! ይግባ!» አለ። ወጌሻው ግን ሣሩ ላይ ተቀምጦ የልጁን እግር በሁለት እጁ ይዞ ራሱን ነቀነቀ።

«ኧረ ልቀቀው!» ብላ ጮኸች እሷም። ማንም አልሰማትም።

ቡድኑ በአሥር ሰው ቀረ። ከዚያ በመጨረሻው ደቂቃ ፍጹም ቅጣት ምት አገኘ። የቡድኑን ፍጹም ቅጣት ምት ሁልጊዜ የሚመታው አስር ቁጥሩ ነው፤ ስቶም አያውቅም። እሱ ግን በረዶ ጉልበቱ ላይ ታስሮ መስመሩ ዳር ፊቱን በማሊያው ሸፍኖ ያለቅሳል። የግራ ተከላካዩ መታ። ኳሷ ከትሪቡኑ ጣሪያ በላይ ሄደች፤ ዳኛው ፊሽካውን ነፋ።

ከትሪቡኑ ጀርባ ስትደርስበት ወጌሻው ቦርሳውን እየዘጋ ነበር። የመነጽሩ አንድ ክንድ ተሰብሮ በነጭ ፕላስተር ተጠምጥሟል።

«አሥር ደቂቃ!» አለችው። «አሥር ደቂቃ ብቻ ዝም ብትል ምን ነበረበት? ራሱ ልጁ እገባለሁ እያለ!»

«ልጁማ ይላል። ጎረምሳ እኮ ነው።»

«ስለ እኛ ሳታስብ ቀረህ?»

«ስለ እኛ ሳስብ ነበር» አለ። ድምፁ ደክሞታል። «ግን እግሩ የእሱ ነው። ለእኔ ሰርግ ብዬ እንዴት አስገባዋለሁ?»

«እንግዲያው ወደ አዲሱ ሥራህ ብቻህን ሂድ!» ብላው ጀርባዋን ሰጠችው። መንገዱን ሁሉ ስታለቅስ ሄደች።

ፀጉር ቤቱ ስትደርስ ክርክሩ ጦፏል። አባቷ ከስታዲየሙ ከሁሉም ቀድመው በታክሲ ደርሰው የባለሥጋ ቤቱን ፀጉር ይቆርጣሉ፤ የግራው ጎን አልቋል፣ የቀኙ ገና ነው። የሒሳብ አስተማሪው አሥረኛውን መስመር በሳሙና ይጽፋል።

«አቻ ምን ይባላል?» አለ ባለሥጋ ቤቱ። «ወይ ተሸንፈህ አታለቅስ፣ ወይ አሸንፈህ አትጨፍር!»

«ተው እንጂ፣ በስሌት እንሂድ ካልክ ሦስት ለባዶ መሸነፍ ነበረብን። በዘጠኝ ቁስለኛ! በረኛ አጥቂ ሆኖ!»

«ፍጹም ቅጣት ምቱስ?»

«እሱማ... እሱስ የወጌሻው ሥራ ነው» አለ አስተማሪው፤ እዚህ ላይ ሁለቱም ተስማሙ። «የዛሬ ልጅ እንቁላል ነው። ወጌሻውም እንቁላል ጠባቂ ሆነ። ጋሽ ቮሌ በአንድ እግራቸው አይደል እንዴ ዋንጫ ያመጡልን? ያውና ፎቶው!»

አባቷ መቁረጣቸውን ቀጠሉ። ልጃቸው አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጥርሷን ነክሳለች። ቃሉን አታንሱብኝ ብላ እየጸለየች ሳለ በሩ ተከፈተ።

ወጌሻው ነው። ከነቦርሳው፣ ከነተሰበረ መነጽሩ ደፉ ላይ ቆመ። እሷን አየት አደረጋትና ወደ አባቷ ዞረ።

«ጋሼ፣ ከሩቅ ያዩትን እኔው ራሴ ልንገርዎ ብዬ ነው። ልጁን የከለከልኩት እኔ ነኝ። ቃልዎንም አውቃለሁ። ልሰናበትዎ ነው የመጣሁት።»

አባቷ መቀሱን አስቀመጡ። «ተነስ» አሉት ባለሥጋ ቤቱን።

«እንዴ ጋሼ፣ ግማሽ እኮ ነኝ!»

«ተነስ አልኩህ። አንተ፣ ና ተቀመጥ። ጺምህን እንደዚህ አድርገህ ነው ሰው የምትሰናበተው?»

ወጌሻው መነጽሩን አውልቆ የሚያስቀምጥበት ሲያጣ ልጅቷ እጇን ዘረጋች። ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ ተቀበለችው። አባቷ ሳሙናውን ቀብተው ምላጩን አነሱ።

«የልጁ ጉልበት እንዴት ነው?»

«ጅማቱ ተለጥጧል። አልተበጠሰም።»

«ቢገባ ይበጠስ ነበር?»

«ሊበጠስ ይችል ነበር።»

«እርግጠኛ ነህ?»

ልጅቷ በልቧ ለመነችው። እርግጠኛ ነኝ በል፤ አንዴ እንኳ ዋሽ!

«አይደለሁም፣ ጋሼ» አለ ወጌሻው። «ላይሆንም ይችል ነበር።»

«ይኸው!» ብሎ ባለሥጋ ቤቱ ብድግ አለ። «ሰማችሁ? እርግጠኛ እንኳ አይደለም!»

«ቁጭ በል» አሉ አባቷ። ምላጩን በፎጣ ጠረጉ፤ ሲጠርጉ ቆዩ። ከዚያ ወደ ፎቶው ቀና አሉ።

«እኛም ያኔ ወጌሻ ነበረን። ጉልበቴን ነካ ነካ አደረገና፣ "ምንም አይልህም፣ ግባ" አለኝ። እርግጠኛ ነህ ወይ ብዬ ጠየቅሁት። "በጣም!" አለ። ገባሁ። አገባሁም። እናንተ ፎቶውን ስታዩ በደስታ የተሸከሙኝ ይመስላችኋል። ደስታም ነበር። ግን የተሸከሙኝ መቆም አቅቶኝ ነው። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲያ አንድ ኳስ መትቼ አላውቅም።»

ይህን ታሪክ ሁሉም መቶ ጊዜ ሰምቶታል፤ ጎሏ ላይ ሲደርስ ግን ሁልጊዜ ያልቅ ነበር።

«አባዬ» አለች ልጅቷ። የየማታው ሙቅ ውሃ ትዝ ብሏታል። «ብርድ ነው አላልከኝም?»

«ብርድማ ነው» አሉ። «የገባው ያን ቀን ነው እንጂ።»

የሒሳብ አስተማሪው ጉሮሮውን ጠረገ። ነገር ካልተጣራ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ነው። «ታዲያ ጋሼ... ቃልዎስ? ቡድኑ እስኪያሸንፍ ብለው ነበር። ውጤቱ ደግሞ አንድ ለአንድ ነው።»

ልጅቷ ሳሙናውን አንስታ ብትወረውርበት ደስ ባላት። አባቷ ግን አልተቆጡም። በጣታቸው ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች ቆጠሩ።

«በዘጠኝ ቁስለኛ፣ በረኛ አጥቂ ሆኖ፣ በአሥር ሰው፣ አንድ ለአንድ። የዚያ ልጅም ጉልበት ተርፏል። እኔ እንደሆንኩ አሸንፈናል ብያለሁ። ያልተስማማ ፀጉሩን ሌላ ቦታ ይቆረጥ።»

ባለሥጋ ቤቱ ያልተቆረጠውን የራሱን ጎን ዳሰስ አደረገ። «እኔ ተስማምቻለሁ» አለ ቶሎ ብሎ።

አባቷ ፎጣውን ከሙቅ ውሃው አውጥተው ጨመቁና ለልጃቸው ዘረጉላት። ዓይናቸውን ግን ከእሷ አሸሹ።

«በይ፣ የእጮኛሽን ፊት ጥረጊለት። እኔ የዚህን ሰውዬ የቀረ ግማሽ ልጨርስ።»

እጮኛሽ! በአሥራ አንድ ሳምንት ውስጥ ይህን ቃል ከአፋቸው ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው። ፎጣውን ተቀብላ ወንበሩ ዘንድ ሄደች። ወጌሻው ያለ መነጽሩ ስለማያይ ዓይኑን አጥብቦ ፊቷን ይፈልጋል።

«ተቆጥተሻል?» አላት በሹክሹክታ።

«በጣም!» አለችው። ሳሙናውን ከአገጩ፣ ከጆሮው ሥር ቀስ ብላ ጠረገች። እንባዋ ፎጣው ላይ ሲንጠባጠብ ግን አልጠረገችውም። ከዚያ በፕላስተር የተጠመጠመውን መነጽር ዓይኑ ላይ አደረገችለት። ከተዋወቁ ጀምሮ መነጽር ስትሰጠው በራሷ እጅ አድርጋለት አታውቅም ነበር።

«ይልቅ አንድ ነገር ልንገርህ» አለችው። «ያ አስር ቁጥር ሰርጋችን ላይ በሁለት እግሩ ካልጨፈረ አለቀልህ።»

«ይጨፍራል» አላት።

«እርግጠኛ ነህ?»

ወጌሻው በመስታወቱ ውስጥ አባቷን አየ፤ አባቷም እሱን አዩት።

«በዚህ እንኳ እርግጠኛ ነኝ» አለ።