በመዳፍ የተቀመሰ ውሃ

ስንዱ ከእንቅልፏ ስትነቃ እንደ ልማዷ ገመዷ ላይ አንድ ቋጠሮ ጨመረች። መቶ ስድሳ ስድስት ሆነ። በዚህ ቤት ቀን የሚቆጠረው በእንቅልፍ ነው፤ ሰዓት የለም፣ መስኮት የለም፣ መብራቱም ያው ሁልጊዜ ደብዛዛ ነው። ከባሌ ተራራ ሥር አራት መቶ ሜትር ወርዶ ማን መስኮት ይከፍታል?

ፊቷን ታጠበችና ከወጥ ቤቱ ቧንቧ አንድ ብርጭቆ ቀድታ ጠጣች። ውሃው እንደ ሁልጊዜው ጣፈጥ ይላል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት «የተራራ ውሃ እንዲህ ነው ለካ!» ብላ ተደስታበት ነበር፤ አሁን ለምዳዋለች።

ሥራዋ አሥራ ሁለት አይጦችን መጠበቅ ነው። አይጦቹ የሚጠጡት ከባድ ውሃ ነው፤ ሃይድሮጂኑ ወጥቶ ዲዩቴሪየም በሚባለው ከባድ ወንድሙ የተተካ ውሃ። ሲያዩት ውሃ ነው። ሰውነት ውስጥ ሲገባ ግን ሁሉን ነገር ያዘገያል፤ ቁስል ቶሎ አይሽርም፣ ጥፍር ቶሎ አያድግም፣ የሰውነት ሰዓት ራሱ ይጎተትና ቀኑ ሃያ ስድስት ሰዓት ይሆናል። ሲበዛ ይገድላል። ከዚህ በፊት የጠጡት አይጦች ሁሉ አልቀዋል። የስንዱ አሥራ ሁለቱ ግን «ልጓም» የተባለውን አዲስ መድኃኒት አብረው ስለሚወስዱ፣ ይኸው እንደ ጥጃ ይቦርቃሉ።

እነሱ ከቦረቁ ስድስት ሰዎች ይጓዛሉ። ወደ ሳተርን ጨረቃ የሚወስደው መንገድ አሥራ ስምንት ዓመት ይፈጃል፤ ተጓዦቹ ከባዱን ውሃ ከልጓም ጋር እየጠጡ፣ ሰውነታቸው እየዘገየ፣ ብዙም ሳያረጁ ይደርሳሉ ተብሏል። ሙከራው በተጀመረ በመቶ ሰማንያኛው ቀን ጠዋት የመጀመሪያውን ጽዋ ያነሳሉ። ከስድስቱ አንዷ አዝመራ ናት፣ የስንዱ አንድያ ልጅ።

ስንዱ ጉዞውን አልወደደችውም፤ ይህንንም ያልሰማ የለም። ሆኖም «ልጄ የምትጠጣውን እኔው ልጠብቀው» ብላ ወደ ጉድጓዱ ገባች። የአይጦቹ ቀን በራሱ መንገድ እንዲሄድ ጠባቂዋም ከሰዓት መጾም አለባት። ደብዳቤ እንኳ የሚወርድላት ቀን ሳይጻፍበት፣ ባልታወቀ ጊዜ ነው። በሩ ላይ ሲሰነባበቱ ግን አዝመራ በጆሮዋ ሹክ አለቻት፤ «በየሰኞው እልክልሻለሁ። ለዶክተሩ እንዳትነግሪ።»

ቃሏንም ጠበቀች። እንዲያውም ደብዳቤዎቹ ይቸኩላሉ። በሰባተኛው እንቅልፍ የሚጠበቀው ብዙ ጊዜ በስድስተኛው ቱቦው ውስጥ ወርዶ ይገኛል። «ሰኞን መጠበቅ አቅቷታል» ትላለች ስንዱ ለአይጦቹ። የሰው ድምፅ ከራቃት ወዲህ ያቺ የአንድ ቀን ቅድሚያ ስንቅ ሆናላታለች። አንዳንዴ ፖስታውን ሳትከፍት ደረቷ ላይ አድርጋ ታለቅሳለች፤ ደስ ብሏት ነው የምታለቅሰው፣ ወይም እንደዚያ ይመስላታል።

ያን ዕለት መጋቢው ክንድ ተሰናከለ። ለአይጦቹ መድኃኒትና ውሃ የሚያድለው የብረት እጅ ጠርሙስ እንዳንጠለጠለ ቀጥ አለ። ብትመታው፣ ብታጠፋና ብታበራው ወይ ፍንክች። ስለዚህ ስንዱ ለመጀመሪያ ጊዜ «ከባድ» የሚል ከተጻፈበት ቧንቧ በእጇ ቀዳች።

እናቷ በደብረ ማርቆስ ጠጅ ቤት ነበራቸው። በዚያ ቤት ያደገ ሰው ሳይቀምስ አያቀርብም፤ መጀመሪያ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ፉት ይላል፣ ከዚያ በኋላ ነው ለእንግዳው የሚቀዳው። «ያልቀመስሽውን ለሰው አትስጪ» ይሉ ነበር እናቷ። ለአይጥ ይህን ሥርዓት ማድረስ ስንዱን ራሷን አሳቃት፤ እጇ ግን ልማዱን አልተወም። መዳፏ ላይ ጠብ አደረገችና ቀመሰች።

ምንም አይልም። ደረቅ፣ ተራ ውሃ ነው።

በሥልጠናው ጊዜ ዶክተር ገልገሎ ከባድ ውሃ በምላስ እንደሚለይ፣ ጥቂት እንደሚጣፍጥ ነግሯት ነበር። ወደ ወጥ ቤቷ ሄዳ ከራሷ ቧንቧ መዳፏ ላይ ጠብ አደረገች። ጣፋጭ ነው።

ስንዱ እዚያው ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ከሃያ እንቅልፍ በፊት ቢላ የቆረጣት ጣቷ ዛሬም አልገጠመም። ጥፍሯን መቼ እንደቆረጠች ማስታወስ አቃታት። እርጅና ነው ብላ ነበር። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ እሷንም በየቀኑ ሁለት ሁለት ሰዓት እየሸረፈ ወስዷታል።

ከዚያ የደብዳቤዎቹን ሳጥን ገለበጠች። ሃያ አምስት ናቸው። ከገባችበት ሰኞ ወዲህ ሃያ አምስት ሰኞ፣ በሰባት ሲባዛ መቶ ሰባ አምስት ቀን። የመጨረሻው ከወረደ ወዲህ ደግሞ አምስት ጊዜ ተኝታለች። መቶ ሰማንያ።

አዝመራ ጽዋውን የምታነሳው ዛሬ ነው።

ሌላም ነገር ገባት፣ በዚያ ጭንቅ መሃል ሊገባት ባልተገባ ሰዓት። ደብዳቤዎቹ ቸኩለው አያውቁም። የዘገየችው እሷ ናት።

ቀዩ እጀታ ከበሩ አጠገብ ነው። ከተሳበ ሙከራው ፈረሰ ማለት ነው፤ መንገዱ ዳግም እስኪመቻች ዘጠኝ ዓመት ይጠበቃል። አዝመራ ከልጅነቷ ጀምሮ ሌላ ነገር ተመኝታ አታውቅም። ስንዱ ይህን እያወቀች ሳበችው።

«ወይዘሮ ስንዱ? ምን ሆኑ?» የዶክተር ገልገሎ ድምፅ ከግድግዳው ወጣ።

«ጽዋውን አስጥሏቸው! አይጦቹ ከባድ ውሃ ቀምሰው አያውቁም። ቧንቧዎቹ ተለዋውጠው ነው የተገጠሙት። የጠጣሁት እኔ ነኝ!»

«መለኪያው ከባድ ነው እያለ?»

«መለኪያው ያለው ውሃው የሚጠራቀምበት ጋን ላይ ነው። እኔ የቀመስኩት ከቧንቧው ነው።»

«ወይዘሮ ስንዱ» አለ ዶክተሩ፣ ድምፁን አለስልሶ። «እናት ነዎት። ጉዞውን እንደማይወዱትም እናውቃለን። ልጆቹ ጽዋቸውን ይዘው ተቀምጠዋል…»

ንግግሩ አንገበገባት። እውነት ተናግራ እንደ ቀጣፊ መታየቷ ብቻ አልነበረም፤ ልቧ ውስጥ ትንሽ ደስ ያላት ነገር መኖሩን ታውቅ ነበርና።

«እኔን አይመኑ» አለች። «አይጦቹ የሚሮጡበትን የመሽከርከሪያውን መዝገብ ይክፈቱ። ቀናቸው ሃያ ስድስት ሰዓት ከሆነ ውሸታም ይበሉኝ። ገመዴ ላይ መቶ ስድሳ ስድስት ቋጠሮ ነው ያለው፤ ዛሬ ግን መቶ ሰማንያኛው ቀን ነው። አሥራ አራት ቀኔ የት ገባ?»

ማንም እንዳያዳላ ተብሎ እስከ ሙከራው ፍጻሜ የታሸገ መዝገብ ነበር። ድምፁ ጠፋ። ስንዱ ከአይጦቹ ጎን መሬት ላይ ተቀመጠች። ሰዓት በሌለበት ቤት መጠበቅ መጨረሻ የለውም። አንዱ አይጥ መሽከርከሪያው ላይ ወጥቶ ይሮጣል፤ ጤነኛ ነው፣ ምን ቸገረው።

በሩ ሲከፈት አዝመራ ነጭ የሥነ ሥርዓት ልብሷን እንደለበሰች ገባች። በእጇ የውሃ ጠርሙስ ይዛለች።

«አልጠጣሁም፣ እማዬ። መዝገቡን ከፍተው ሲያስጥሉን ከንፈሬ ላይ ደርሶ ነበር።» ከዚያ ድምፏ ተሰበረ። «ዘጠኝ ዓመት እኮ ነው! ዘጠኝ ዓመት!»

«አውቃለሁ፣ ልጄ።»

አዝመራ አጠገቧ ተንበርክካ እጇን ያዘችና ያልሻረውን ጣት አየች። ትኩር ብላ አየችው።

«ደብዳቤዎችሽ ይቸኩሉ ነበር» አለች ስንዱ። «ሰኞ እስኪደርስ የማትችይ መስሎኝ… እንዲያ ናፍቄሽ።»

አዝመራ ልትዋሽ ትችል ነበር። «በየሰኞው ነው የላክሁት» አለች። «አንድም ቀን አላስቀደምኩም።»

«አዎ። ቆጠርኳቸው።»

የዶክተሩ ድምፅ ተመለሰ፤ አሁን ተጣድፏል። «አዝመራ፣ ምንም እንዳትሰጫቸው! ደም እስክንወስድ ያንኑ ውሃ ይቀጥሉ። ያለ ልጓም ይህን ያህል ጊዜ የጠጣ ሰው በዓለም የለም። ይህ እኮ ትልቅ ውጤት ነው!»

አሥራ ሁለቱ አይጦች በየቀኑ ይመዘኑ፣ ልባቸው ይደመጥ ነበር። ስንዱን በመቶ ሰማንያ ቀን ማንም እንደምን አደርሽ ብሏት አያውቅም። ዛሬ ግን ዋጋ አወጣች።

አዝመራ ወደ ግድግዳው ቀና አላለችም። ጠርሙሱን ከፈተች። ከዚያ፣ በልጅነቷ አያቷ ቤት እንዳየችው፣ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ፉት አለች። ትንሽ ቆየች።

«ምንም አይልም፣ እማዬ» አለች። «ጠጪ።»

ስንዱ ተቀብላ ጠጣች። ውሃው ምንም ጣዕም አልነበረውም።