የማይነጠለው ቅጂ

ማርጎ የሃሚልተን ከተማን በረዶ እየረገጠች ወደ ጊታር ጥገናው ክፍል ስትገባ ድምፅ የሚቀዳ የጊታር ፔዳል በወንድ የሱፍ ካልሲ ከታ ይዛ ነበር። ጠጋኙ ኤሊስ ቀና ብሎ መጀመሪያ ካልሲውን፣ ቀጥሎ ዓይኖቿን አየ። ከዓይኖቿ ቶሎ መመለስ አልቻለም።

«እግሩን የት ጣልሽው?»

«ካልሲውም ፔዳሉም የአባቴ ነው» አለች እየሳቀች፤ ሳቋ ግን አልቆየም። «መርገጫው ተሰብሯል። ውስጡ ሊሞት ሰሞን ተጫውቶ የቀዳው አለ። ሌላ ቅጂ የለኝም። አደራ!»

«አደራሽን ተቀብያለሁ፣ በሰማይ በምድር» አላት።

መለዋወጫው በሁለት ሳምንት እንደሚመጣ እያወቀች፣ በሦስተኛው ቀን «መጣ እንዴ?» ብላ ብቅ አለች። በአምስተኛውም ቀን። እጇ ላይ ሁሌም የቅቤ ታርት የሚሉት ትንሽ ኬክ አይጠፋም። ኤሊስ የራሱን ፔዳሎች በአሮጌ የቁም ሳጥን በር ላይ ደርድሯቸዋል፤ እሱ የጊታሩን ክር በማንኪያ እየዳበሰ ሲጫወት እሷ ወለሉ ላይ ተቀምጣ የፔዳሎቹን መዘውሮች ታዞራለች።

«የማሚቶውን ፔዳል ድምፅ ከሚያሻክረው አስቀድመው!»

«ድምፁ ጭቃ ይሆናል፣ አንቺ!»

«ይሁና! ጭቃ እወዳለሁ።»

አስቀደመው። ድምፁ በእርግጥ ጭቃ ሆነ፤ ግን የሚያምር ጭቃ። ተያዩ። ኤሊስ ያን ጊዜ እንደወደዳት አወቀ።

መለዋወጫው መጣ፤ ኤሊስም መርገጫውን ቀየረው። ለሙከራ ፔዳሉን ከራሱ ፔዳሎች ጋር አያይዞ ሲረግጠው ከውስጡ አባቷ መጫወት ጀመሩ። አራት ዝግ ያሉ ድምፆች፣ ደግመው አራት፣ መጨረሻ ላይ ትንሽ ሳል። ኤሊስ አላስቻለውም፤ ጊታሩን አንስቶ አብሯቸው ተጫወተ። ሳሉ ካለፈም በኋላ ብቻውን ቀጠለ። የኤሊስ የራሱ መቅጃ ፔዳል ሁለቱንም ባንድ ላይ ቀዳቸው።

ከዚያ የአባቷን ፔዳል ወለወለው፣ ክዳኑን ዘጋው፣ ለማንኛውም ደንበኛ እንደሚያደርገው መርገጫውን ሦስት ሰከንድ በእግሩ ተጭኖ ይዞ የውስጡን ቅጂ አጠፋው። አመል ያወጣል ከመሐል። ቀይዋ መብራት ድርግም ስትል ነው የነቃው።

«ከብልሽቱ ጋር ጠፋ» ቢላት ማንም አይደርስበትም። በነጋታው ግን ማርጎ ገና ኮቷን ሳታወልቅ ነገራት።

«የአባትሽን ቅጂ እኔ ነኝ ያጠፋሁት። በዚሁ እግሬ።»

ፊቷን አዞረችበት።

«አደራ ብዬህ ነበር።»

«ብለሽኛል።»

ካልሲውን አንስታ ወደ በሩ ሄደች።

«ማርጎ፣ አንድ ነገር ተርፏል» አለ። «ግን ንጹሕ አይደለም። እኔ ገብቼበታለሁ።»

የራሱን መቅጃ ፔዳል ረገጠው። አባቷ እንደገና መጫወት ጀመሩ፤ ከሥራቸው የኤሊስ ጊታር ቀስ እያለ ይከተላል፣ የት እንደሚያርፉ ቀድሞ የሚያውቅ ይመስላል። ሳሉ ሲመጣ ማርጎ በካልሲው አፏን ይዛ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

«ሁሌ ብቻውን ነበር የሚጫወተው» አለች እንባዋን እየጠረገች። «ሁለታችሁን መነጠል ይቻላል?»

«ሌሊቱን ሙሉ ሞከርኩ። አይቻልም።»

«እንግዲያው ተዋቸው።» እጁን ያዘችው። «ስላልዋሸኸኝ አመሰግናለሁ። አብረኸው ስለተጫወትክም።»

በመስከረም ተጋቡ። ክንዷን ይዞ የሚያስገባት አባት አልነበራትም፤ ስለዚህ በአዳራሹ በር ላይ የሁለቱን ቅጂ የያዘውን ፔዳል ራሷ ረግጣ ብቻዋን ገባች። እንግዶቹ ይህን ዓይነት የሰርግ ዜማ ሰምተው ስለማያውቁ እርስ በርስ ተያዩ። አባቷ ሲስሉ መንገዱን አጋምሳ ነበር። የቀረውን መንገድ ኤሊስ በቅጂው ላይ ብቻውን የሚጫወተውን ተከትላ እሱ ከቆመበት ደረሰች።